ቲሙር፦ የጭንቅላት ማማውና የሳማርካንድ ጉልላት እንዴት የአንድ ሰው ሥራ ሆኑ?

ጠያቂ88

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ቲሙር (ታመርላን ስለሚባለው የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመካከለኛው እስያ ድል አድራጊ) ሳነብ የሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን ታሪክ የማነብ ይመስለኛል። አንዱ በ1387 ኢስፋሃን ላይ የሰው ጭንቅላት እያስከመረ ማማ ያሠራል። ሌላው ዋና ከተማውን ሳማርካንድን (ዛሬ ኡዝቤኪስታን) ዓለም የሚያደንቃት ከተማ ያደርጋል፣ ደማስቆ በር ላይ ከታሪክ ጸሐፊው ከኢብን ኸልዱን ጋር ተቀምጦ ስለ ታሪክ ይጨዋወታል። «ጨካኝም ነበር፣ አልሚም ነበር» የሚለው መልስ አይበቃኝም። ሁለቱ በተግባር እንዴት አብረው ሄዱ? ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጉልኝ።

ባለካርታ

አንድ ከተማ በቲሙር እጅ ሲገባ የሚደረገው ነገር የታወቀ ሥርዓት ነበረው። የራሱ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎችም ሳያፍሩ ጽፈውታል።

መጀመሪያ እጅ ስጡ የሚል መልእክት ይላካል። ሹማምንቱና የሃይማኖት አባቶቹ ወጥተው ከታረቁ «ማል ኢ አማን» የሚባል የምሕረት ገንዘብ ይቆረጥባቸዋል፤ ነፍሳቸውን ይገዛሉ ማለት ነው። ከዚያ የከተማዋ በሮች ይዘጋሉ፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ብቻ ክፍት ይቀራል። ጸሐፊዎች ገብተው ግምጃ ቤቱን ይመዘግባሉ። ከተማዋ በየሰፈሩ ለአሚሮቹ (ለጦር አዛዦቹ) ትከፋፈልና ገንዘቡ ከየቤቱ ይሰበሰባል። ደብቋል የተባለ ይገረፋል። ተራው ወታደር እስከዚህ ድረስ እንዳይገባ ይከለከላል፤ ለሕዝቡ ታዝኖ እንዳይመስልህ፣ ዝርፊያው ከመዝገብ እንዳያመልጥ ነው። በመጨረሻ የእጅ ባለሙያዎቹ ተለይተው ይወጡና ወደ ሳማርካንድ ይነዳሉ።

ይህ ሥርዓት ሁለት ቦታ ላይ ይበላሻል። አንደኛው ሕዝቡ በሰብሳቢዎቹ ላይ ሲነሣ ነው። ኢስፋሃን በሰላም እጇን ሰጥታ ነበር። ገንዘብ ሰብሳቢዎቹ ከገቡ በኋላ ሌሊት ዐመፅ ፈነዳ፣ ወደ 3,000 የሚጠጉ የቲሙር ሰዎች ተገደሉ። ሲነጋ ለየጦር ክፍሉ የጭንቅላት ኮታ ወጣ። ሠራዊቱ በ10፣ በ100፣ በ1,000 እና በ10,000 የተደራጀ ስለሆነ ኮታ ማውረድ ቀላል ነው። ለመግደል እጁ አልታዘዝ ያለው ወታደር ኮታውን ከባልደረባው ይገዛል። ያዝዲ እንደጻፈው የአንድ ጭንቅላት ዋጋ መጀመሪያ 20 ዲናር ነበር፤ አቅርቦቱ ሲበዛ ወደ ግማሽ ዲናር ወረደ፣ ኋላም ገዢ ጠፋ። ይህን የጻፈው ጠላት አይደለም፣ ለቲሙር ልጅ ልጅ በሺራዝ ይጽፍ የነበረ የቤተ መንግሥት ሰው ነው።

ሁለተኛው ብልሽት ሒሳቡ መሐል ላይ ሲቀየር ነው። ደማስቆ በ1401 አንድ ሚሊዮን ዲናር ልትከፍል ተስማማች። ሰብስባ ስታስረክብ «በእኛ አቆጣጠር የተስማማነው 10 ሚሊዮን ነው» ተባለች። ከየት ታምጣ? ሰፈሮቿ ለአሚሮቹ ተሰጡ፣ ነዋሪው ገንዘቡን እንዲያወጣ ተገረፈ፣ በመጋቢት ከተማዋ ነደደች፣ የኡመውያ መስጊድም አብሮ።

ሸክላና_ጡብ

ባለካርታ «የእጅ ባለሙያዎቹ ተለይተው ይወጣሉ» ብሎ አለፈው እንጂ የጥያቄው መልስ እዚያች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

ሳማርካንድ ሄዳችሁ ቲሙር የተቀበረበትን ጉር ኢ አሚርን ብታዩ፣ የግቢው መግቢያ ላይ የግንበኛው ስም በሰድር ተጽፏል፦ ሙሐመድ ኢብን ማሕሙድ፣ ግንበኛ፣ የኢስፋሃን ሰው። ሻህሪሳብዝ ያለው የአቅ ሳራይ ቤተ መንግሥት ላይ የተብሪዝ ሰው ስም አለ። ዛሬ ካዛክስታን ውስጥ ባለው በአሕመድ ያሳዊ መቃብር የሺራዝ ሰው ፈርሟል። እዚያው መቃብር ውስጥ በ1399 የተቀለጠው ሁለት ቶን የሚመዝን፣ 3,000 ሊትር የሚይዝ የነሐስ ጋንም የሠራው አብዱልዐዚዝ የሚባል የተብሪዝ አንጥረኛ ነው። አራት ሥራ፣ አራቱም ከተወረረ አገር በመጣ እጅ።

የካስቲል ንጉሥ መልእክተኛ ክላቪሆ በ1404 ሳማርካንድ ሲገባ ያየውን ዘርዝሯል፦ ከደማስቆ የመጡ ሐር ሸማኔዎች፣ ቀስት ሠሪዎችና ብርጭቆ ሠሪዎች፣ ከቱርክ የመጡ ግንበኞችና የብርና የወርቅ አንጥረኞች። በግድ የመጣውን ሕዝብ ከ150,000 በላይ ያደርሰዋል፤ ከተማዋ ስላልቻለቻቸው ዛፍ ሥርና ዋሻ ውስጥ የሚኖሩ እንደነበሩም ይናገራል። በዙሪያዋ የነበሩትን መንደሮች ቲሙር ደማስቆ፣ ባግዳድ፣ ሺራዝ፣ ምስር ብሎ ሰይሟቸዋል።

መውጣትስ? የአሙ ወንዝን መሻገር ነዋ። ክላቪሆ እንዳለው ወደ ሳማርካንድ ለመግባት የሚከለክል የለም፤ ለመውጣት ግን ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ጀልባዎቹም ጠባቂ አላቸው።

ሰናይት_ንባብ

የኢስፋሃኑ ግንበኛ ነገር ከነከነኝ። ከ1387ቱ እልቂት ተርፎ የተወሰደ ነው ማለት ነው?

ሸክላና_ጡብ

ሰናይት፣ ፊርማው የሚሰጠን ስም፣ ሙያና አገር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ አናሸክመው። ግቢው የተጀመረው ለቲሙር የልጅ ልጅ ለሙሐመድ ሱልጣን ነው፤ ሙሐመድ ሱልጣን በ1403 ሲሞት መቃብር ሆነለት፣ ቲሙርም ኋላ እዚያው ተቀበረ። በ1387 አሥራ አምስት ዓመት የነበረ ልጅ በዚያን ጊዜ ከሠላሳ በላይ ሆኖ ጥሩ ግንበኛ ይወጣዋል። የተነዳ ሊሆን ይችላል፣ ሥራ ፍለጋ የመጣም ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ያለው ሳማርካንድ ነበርና።

ግንባታው ራሱ እንዴት እንደሚሄድ ካልታወቀ ግን «አልሚ» የሚለው ቃል ያሳስታል። ሳማርካንድ ያለው የቢቢ ኻኑም መስጊድ ከዴልሂ ዘመቻ መልስ በ1399 ተጀምሮ በ1404 አለቀ። ያዝዲ 200 ግንበኞች ከአዘርባጃን፣ ከፋርስና ከህንድ፣ 500 ድንጋይ ፈላጮች ተራራው ላይ፣ 95 ዝሆኖች ደግሞ ድንጋይ ጎታች ይላል። ግቢው 167 በ109 ሜትር ነው። ቲሙር ከዘመቻ ተመልሶ ሲያየው ዋናው በር አጠረ ብሎ አስፈረሰው፤ የሥራው ኃላፊዎችም ሕይወታቸውን ከፈሉ። በአንዱ ግንባታ ላይ ደግሞ በየዕለቱ በቃሬዛ እየመጣ፣ የተቀቀለ ሥጋ ጉድጓድ ውስጥ ላሉት መሠረት ቆፋሪዎች ከላይ ይወረውርላቸው ነበር፤ ክላቪሆ ጉድጓድ ውስጥ ላሉ ውሾች አጥንት እንደሚጣለው ይላል። ደስ ያለው ቀን ሳንቲምም ይወረውራል።

ገበያው የባሰ ነው። ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቅ ሰፊ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ላዩ ቅስት ጣሪያ ያለው፣ በ20 ቀን ይለቅ ተባለ። አፍራሾቹ ሰው ቤቱ ውስጥ እያለ ጣሪያውን መናድ ጀመሩ፤ ባለቤቱ ዕቃውን ተሸክሞ ይሮጣል። አንዱ ፈረቃ ያፈርሳል፣ አንዱ ደልዳይ ነው፣ አንዱ ይገነባል፣ ቀንና ሌሊት። በ20 ቀንም አለቀ።

ችኮላው የት እንደታየ ልንገራችሁ። ቢቢ ኻኑም ያን ያህል ቁመትና ክብደት ይዞ፣ መሬት በሚንቀጠቀጥበት አገር፣ በአምስት ዓመት ተጣድፎ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ሰጋጆች ላይ ጡብ ይወድቅ ጀመር፣ በየዘመኑ እየተሰነጠቀ ኖሮ በ1897ቱ መንቀጥቀጥ የቀረው ትልቁ ቅስት ተናደ። ዛሬ የሚታየው ቁመና ከ1970ዎቹ ወዲህ የተጠገነ ነው፣ ብዙ ብረትና ኮንክሪት ገብቶበታል። «600 ዓመት የቆመ» ብላችሁ ፎቶ የምትለጥፉ ይህን ያዙ።

ነጋድራስ

ሁላችሁም አንድ ወገን ያዛችሁ። ንግዱስ? በየመንገዱ ፈረስ የሚቀየርበት ጣቢያ ነበር፣ አንዳንዱ ላይ 100፣ ሌላው ላይ 200 ፈረስ የቆመበት። በ1402 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለቻርልስ ስድስተኛ በጻፈው ደብዳቤ ነጋዴዎች በሁለቱም አገር ይከበሩ፣ ዓለም የሚለማው በነጋዴ ነው ብሏል። ደብዳቤው አሁንም ፓሪስ አለ። የልጅ ልጁ ኡሉግ ቤግ 1,018 ኮከብ መዝግቦ፣ የዓመቱን ርዝመት ከእውነተኛው በደቂቃ ልዩነት አሰላ። ይህ ሁሉ ከአረመኔ ቤት ይወጣል?

ባለካርታ

ጋሽ ነጋድራስ፣ ደብዳቤውም ጣቢያውም ልክ ነው። የጣቢያው ሕግ ግን ይህም ነበረው፦ የንጉሡ መልእክተኛ ፈረሱ ከደከመበት መንገድ ላይ ያገኘውን የማንንም ፈረስ ይወስዳል፣ ነጋዴ ሆነ መስፍን። እምቢ ያለ አንገቱን ይሰጣል።

ዋናው ግን «የትኛው መንገድ?» የሚለው ነው። ከቻይና ወደ ምዕራብ የሚወስደው የሰሜኑ መንገድ በኡርገንች፣ በአስትራካን፣ በሳራይ አልፎ ጥቁር ባሕር አጠገብ ወዳለችው የቬኒስ ነጋዴዎች ከተማ ወደ ጣና ይወርዳል (የእኛ ጣና እንዳይመስላችሁ፣ የዛሬዋ አዞቭ ናት)። ቲሙር ኡርገንችን በ1388 አፍርሶ ሕዝቧን አፈለሰ፣ ቦታውም ገብስ ይዘራበት ተባለ። በሚያዝያ 1395 የወርቃማውን ጭፍራ (የሰሜኑን የሞንጎል መንግሥት) ካን ቶክታሚሽን ቴሬክ ወንዝ ላይ ካሸነፈ በኋላ ጣናን፣ አስትራካንንና ሳራይን ተራ በተራ ዘረፈ። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው በደቡብ፣ በተብሪዝና በሳማርካንድ በኩል ከማለፍ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? ንግድን ወደ ራሱ በር ጠመዘዘው እንጂ አላስፋፋውም። ቶክታሚሽን ዙፋን ላይ እንዲወጣ የረዳው ራሱ ቲሙር መሆኑን ስታስቡ ደግሞ የበለጠ ይገርማል።

ኡሉግ ቤግ የተወለደው በ1394 ነው፣ ቲሙር ሲሞት ገና አሥራ አንድ ዓመት አልሞላውም። የኮከብ መመልከቻው በ1420ዎቹ የተሠራ ነው። ለዚያ ዘመን ሰላም የሰጠው የቲሙር ልጅ ሻህሩኽ ነው፤ ዋና ከተማውን ወደ ሄራት ወስዶ ቲሙር ከሚንግ ቻይና ጋር ያቀደውን ጦርነት በመልእክተኛ ተካው። ቲሙር ያወረሰው የተከማቸ ወርቅና ተሰብስቦ የተቀመጠ ባለሙያ ነው፤ አስተዳደር አላወረሰም። ዙፋኑን ለልጅ ልጁ ለፒር ሙሐመድ ተናዞ፣ በ1405 ኻሊል ሱልጣን የሚባል ሌላ የልጅ ልጅ ሳማርካንድን ያዘ፣ ግምጃ ቤቱንም በጥቂት ዓመት አራቆተው። ኡሉግ ቤግም በ1449 በገዛ ልጁ ትእዛዝ ተገደለ።

ቆጣሪው

ቁጥሮቹ ላይ ትንሽ ጨው ነስንሱ። ለኢስፋሃን በየቦታው የሚጠቀሰው 70,000 ነው። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ሃፊዝ ኢ አብሩ የከተማዋን ግማሽ ዙሪያ ሄዶ 28 ማማ ቆጠርኩ፣ እያንዳንዱ 1,500 ጭንቅላት ነበረበት ይላል። 28 በ1,500 ሲባዛ 42,000 ነው። ሌላኛው ጎን ማማው ያነሰ ከነበረ 70,000 ሩቅ አይደለም፤ ይህኛው ቁጥር ቢያንስ በእግር የተቆጠረ ነገር አለው። ለባግዳድ (1401) ቲሙርን የሚጠላው ጸሐፊ ኢብን አረብሻህ 90,000 ጭንቅላትና 120 ማማ ይላል፣ ማለትም በአንዱ ማማ 750። ከዴልሂ ውጊያ በፊት በታኅሣሥ 1398 ተገደሉ የተባሉት 100,000 ምርኮኞች ደግሞ ጸሐፊ ሲያጋንን የሚመርጠው ዓይነት ድፍን ቁጥር ነው። እልቂቱ መድረሱን ግን የሚክድ የለም፤ የቲሙር የራሱ ወገን ነው የጻፈው።

ደግሞ ልብ በሉ፣ የሚያጋንኑት ወዳጆቹም ናቸው። ኢስፊዛር (ዛሬ አፍጋኒስታን) ላይ በ1383 ወደ 2,000 ሰው በሕይወቱ ከጭቃና ከጡብ ጋር ማማ ውስጥ ተገነባ ብሎ የጻፈው የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነው። ወሬው ቀድሞ ሲደርስ ቀጣዩ ከተማ በሩን ይከፍታል፤ ያልተተኮሰ ቀስት፣ ያልሞተ ፈረስ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እንዲያድግ ገዳዩም ተገዳዩም ፈልገዋል።

ሰናይት_ንባብ

ሃይማኖቱስ? የእስልምና ዘማች ተብሎ ሲጠራ እሰማለሁ፣ የገደላቸው ግን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው።

የመስኮብ_ዶሴ

እውነት ነው። ዴልሂ፣ ሀለብ፣ ደማስቆ፣ ባግዳድ፣ በሐምሌ 1402 አንካራ ላይ የተማረከው የኦቶማን ሱልጣን ባያዚድ፣ ሁሉም የሙስሊም ገዢዎች ነበሩ። የክርስቲያን ወገን ሲፈልግ ጆርጂያን ደጋግሞ ወረረ፣ በ1386 ትብሊሲን ይዞ ንጉሥ ባግራት አምስተኛን ማረከ፤ በታኅሣሥ 1402 ደግሞ ኦቶማኖች ለዓመታት ያልደፈሩትን የሰምርኔስ (የዛሬዋ ኢዝሚር) ምሽግ የመስቀል ጦረኞች ማኅበር ከሆኑት ከቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ ነጠቀ። ዘማች የሚለው ስም የሚነሣው በዚህ ነው።

ውጤቱ ግን ካሰበው ውጪ ነው የሄደው። ባያዚድ ቁስጥንጥንያን ከብቦ ነበር፤ አንካራ ላይ ሲወድቅ ከበባው ተነሣ፣ ልጆቹ እስከ 1413 እርስ በርስ ተዋጉ፣ የባይዛንታይን ዙፋንም ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት አገኘ። በሰሜን በኩል ወርቃማው ጭፍራ ከ1395 በኋላ ዳግም አላንሰራራም፣ ቀስ በቀስ ተበጣጠሰ፣ ሞስኮ በዚያ ክፍተት አደገች። ቲሙር በዚያ ዓመት እስከ ሩስያዋ ከተማ የሌትስ ደርሶ በነሐሴ መጨረሻ ሲመለስ፣ ሞስኮዎች የቭላዲሚርዋን የእመቤታችንን ሥዕል ወደ ከተማቸው ያመጡበት ቀን ስለነበር እስከ ዛሬ በዓል ያከብሩበታል።

ሥልጣኑም እንዲሁ ሁለት እግር ነበረው። ከጄንጊስ ካን ዘር ስላልሆነ ካን መባል አይችልም። ስለዚህ በ1370 የቀድሞ አጋሩን አሚር ሁሴንን ካስወገደ በኋላ ከጄንጊስ ዘር አንድ ካን ለስሙ አስቀመጠ፤ የሁሴንን ሚስት፣ የካን ልጅ የሆነችውን ሳራይ ሙልክ ኻኑምን አገባና «የካን አማች» ተባለ። ሳንቲሙ ላይ የካኑ ስም ይቀድማል፣ ሕጉ ሲመቸው ሸሪዓ ነው፣ ሲመቸው የሞንጎል ልማድ።

ጠያቂ88

እናመሰግናለን፣ ብዙ ጠራልኝ። ኡዝቤኮች ታዲያ እንዴት የአገር አባት አደረጉት?

የመስኮብ_ዶሴ

ይህኛው በጣም ያስቃል። የኡዝቤክን ስም ይዘው የመጡት ነገዶች በሙሐመድ ሻይባኒ መሪነት የቲሙርን ዘር ያባረሩ ናቸው። በ1500 ገደማ ሳማርካንድን፣ በ1507 ሄራትን ወሰዱ። የተባረረው ባቡር ሄዶ ህንድ ውስጥ የሙጋልን መንግሥት መሠረተ። ከሶቪየት መፍረስ በኋላ ግን አዲሱ መንግሥት የራሱን መሬት የወለደው፣ ከሩስያ በፊት የነበረ ትልቅ ሰው ፈለገ። በ1993 ታሽከንት መሐል፣ ቀድሞ ካርል ማርክስ ቆሞበት የነበረው አደባባይ ላይ የፈረሰኛ ሐውልት ተተከለለት፤ 1996 ላይ 660ኛ የልደት ዓመቱ ተከበረ፣ ሙዚየም ተከፈተ። ሳማርካንድ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሻህሪሳብዝ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ጆርጂያ ወይም ኢራን ውስጥ ይህን ሐውልት ልትከል ብትሉ ምን እንደሚገጥማችሁ አስቡት።

አክብሮቱም ጣጣ አለው። ሻህሪሳብዝ መሐሉ መናፈሻ ይሁን ተብሎ ብዙ ነባር ሰፈር ስለፈረሰ ዩኔስኮ በ2016 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር አስገባት። በሐውልት ሥር የሚጻፈው «ኃይል በፍትሕ ነው» የሚለው መፈክርም ከሱ አንደበት ነው ብላችሁ አትማሉ። የእሱ «ሕገ ደንብ» ነው እየተባለ የሚጠቀሰው ጽሑፍ ደግሞ የታየው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ህንድ፣ በሻህ ጃሃን ቤተ መንግሥት ነው።

ቆጣሪው

ይህን ክር የሚያነብ ሰው «የቲሙርን መቃብር የከፈተ ጦርነት ያመጣል» የሚለውን እርግማን ይዞ እንዳይመጣብን አስቀድሜ ልዝጋው። የሶቪየቱ አንትሮፖሎጂስት ጌራሲሞቭ መቃብሩን የከፈተው በሰኔ 1941 ነው፣ ጀርመን ሶቪየትን ከመውረሯ ጥቂት ቀን ቀድሞ። ሂትለር የወረራውን ትእዛዝ የፈረመው ግን በታኅሣሥ 18፣ 1940 ነው። መቃብሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የዘር ሐረግ ነው፣ እርግማን የለበትም። አጥንቱ ያረጋገጠው ቀኝ እግሩ በእርግጥ አንካሳ፣ ቀኝ እጁም የተጎዳ መሆኑን ነው። ባያዚድን በብረት ቀፎ ውስጥ እያዞረው ነበር የሚለውንም ተዉት፤ ፍርግርግ ያለው ቃሬዛ ነበር፣ ወሬው ቀፎ አደረገው።

ሰናይት_ንባብ

አንድ የመጨረሻ። ደማስቆን ከያዘ በኋላ ግብፅ ለምን አልሄደም? በእኛ በኩል አፄ ዳዊት ናቸው፤ ጳጳስ የሚመጣልን ደግሞ በዚያው ሱልጣን ሥር ካለው ከእስክንድርያ። ካይሮ ብትወድቅ ለእኛም ይተርፍ ነበር።

ባለካርታ

የግብፁ ሱልጣን ፋራጅ በጥር 1401 ካይሮ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ተጠነሰሰ ሲባል ደማስቆን ጥሎ ተመለሰ። ለቲሙር ግን ሲና በረሃ ለዚያን ያህል ፈረስ ግጦሽ የለውም፤ ባያዚድ ደግሞ ከሰሜን ጀርባው ላይ ቆሟል። ስለዚህ ወደ ባግዳድ ዞረ፣ በዓመቱ ወደ አንካራ። ግብፅም ኋላ ተገዛለት፤ በ1404 ክላቪሆ ኾይ ከተማ ላይ ያገኘው የግብፅ መልእክተኛ ለቲሙር ስጦታ ቀጭኔና ሰጎኖች ይዞ እየሄደ ነበር። የአፄ ዳዊት ልዑካን ደግሞ አንካራ ላይ በተዋጋበት በ1402 ቬኒስ ነበሩ።

ማንበብ ለምትጀምሩ፣ ከደማስቆ ጀምሩ። ኢብን ኸልዱን ከግንቡ በገመድ ወርዶ ያገኘውን ሰው ይነግራችኋል፣ ጠንቃቃና ጠያቂ ሽማግሌ። ኢብን አረብሻህ በልጅነቱ ከዚያችው ከተማ ወደ ሳማርካንድ የተነዳ ነው፣ ጥላቻው ከየገጹ ይፈሳል። ያዝዲ ደግሞ እሳቱ ሳይታሰብ ተነሣ፣ ቲሙርም መስጊዱን ለማዳን ሰው ልኮ ነበር ይላል። ሦስቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ እሳቱን ማን ለኮሰ የምትለዋን ብቻ ፈልጉ።